የአያቴ ውጅግራና አሥራ አንዱ ቀለሆች

አያቴ ሲያርፉ ከንብረታቸው ለእኔ የደረሰኝ ውጅግራቸው ነው። ፈቃዱን በስሜ ለማዛወር የፈጀብኝን ጊዜ ባልተርከው ይሻላል። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚል ግራ» የተባለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ በእኛ አፍ ሲለዝብ የወጣ ነው፤ ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ ጠመንጃ በናስ ቀለህ እንዲተኩስ አሻሻለው፣ ጦሩም በ1874 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። በእኛ አገር ስሙ የሚነሣው ከዐድዋ ጋር ነው፤ አያቴ ግን በኤረር ሸለቆ ከርከሮ ሲያድኑበት ኖረዋል።

ከጠመንጃው ይልቅ ሐሳብ የሆነብኝ አብሮት የመጣው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። በውስጡ አሥራ አንድ ባዶ ቀለሆች አሉ፤ አያቴ ሁልጊዜ «አሥራ ሁለት ናቸው» ይሉ ነበር። በእርሳቸው ዘመን ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ ቀለህ አይጣልም፤ አዳኙ ከሣሩ መካከል ለቅሞ ወደ ዝናሩ ይመልሰውና ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ አቅልጦ ዳግመኛ ይተኩሰዋል። የአንዱን ቂጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ስመለከት፣ መርፌው የሚመታት ትንሿ ቆብ በሹል ነገር ተፈልቅቃ የወጣችበት ጭረት በጎድጓዳው ዳር ተደራርቦ ይታያል። ሦስት አራት ጊዜ ሳይሞላ አልቀረም።

አንዱን አስሞልቼ አንድ ጊዜ ብቻ ልተኩስ የሚል ምኞት አደረብኝና በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት የብር አንጥረኛ አሳየኋቸው። በመለኪያቸው ሲለኩት ርዝመቱ 59 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ቀጥለው በጥፍራቸው የአንገቱን ጠርዝ ዳሰሱና ለዓይን የማይታየኝን ስንጥቅ አሳዩኝ። «ናስ በተመታ ቁጥር ይደድራል፤ የደደረ ደግሞ ይሰነጠቃል። እኔስ ብሩን በየመካከሉ እሳት የማሳየው ለዚህ አይደል ልጄ?» አሉኝ። ነገሩ እንዲያ ነው፤ ቀለህ ሲተኮስ አንገቱ ይለጠጣል፣ አዲስ አረር ሲገባበት ይጨበጣል፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ያልተሰነጠቀውን በእሳት ማለስለስ ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ግን የሚመልሰው የለም።

የባሩዱ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የውጅግራ ጥይት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ 5.25 ግራም ባሩድ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር ይገፋል። የጠመንጃው መቀርቀሪያ የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ባለ አንድ ጉብታ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚገኘውን ጭስ አልባ ባሩድ ይሞላበት ዘንድ የሚመክር ሰው ዓይኑን የጠላ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያገኙ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የግራን ቀለህ አንገቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጥብበው አዲስ ጥይት አበጁ፤ ጠመንጃውን ግን ለወጡት፣ ከፊት ለፊት በሁለት ጉብታ የሚቆለፈውን ሌበልን ሠሩ። የአሜሪካ አዳኞች እንዲህ ከሌላ ጥይት ቀለህ ተቀይሶ በግል የሚበጀውንና ፋብሪካ የማይሸጠውን ጥይት «ዋይልድካት»፣ የዱር ድመት ይሉታል። የሌበል ጥይት ለእኔ ከጦር ሠራዊት የወጣ የዱር ድመት ነው።

ስለዚህ ምኞቴን ተውኩት። ያልተውኩት የአያቴን የእጥበት ልማድ ነው፤ የጥቁር ባሩድ አመድ እርጥበት እየሳበ ብረት ስለሚበላ፣ ከአደን ሲመለሱ እህል ሳይቀምሱ አፈሙዙን በፈላ ውኃ ያጥቡ ነበር። እኔ ባልተኩስበትም በዓመት አንድ ጊዜ አጥቤ፣ አድርቄ ዘይት እቀባዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛውን ቀለህ ያገኘሁት ባለፈው ሳምንት አክስቴ ቤት ነው። ዓይናቸውን ሊኳሉ ከሣጥናቸው ያወጡት የኩል ዕቃ ናስ ነበር፤ አፉ ላይ የእንጨት ውታፍ ተሰክቶበታል። «አባባ ናቸው የሰጡኝ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ» አሉኝ። «ሲቆጥሩ ግን የእኔንም ጨምረው ነው የሚቆጥሩት።»