ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ ዝቅ ብሎ ሲወጣ

ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ ወይም ኤ.ኤል.ቲ እያልን የምንጠራው ኢንዛይም አላኒን አሚኖትራንስፌሬዝ ነው። ከአላኒን ላይ የአሚኖ ቡድኑን አንስቶ ለአልፋ ኬቶግሉታሬት ይሰጣል፤ አላኒኑ ፓይሩቬት፣ ተቀባዩ ግሉታሜት ይሆናል። በብዛት ያለው ጉበት ውስጥ ስለሆነ የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይፈሳል። ከፍ ሲል ሁሉም ይደነግጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በሐሰት ዝቅ ብሎ የሚወጣው ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ፣ ሪኤጀንቱ (ከናሙናው ጋር የሚደባለቀው የምርመራ ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ኤል.ዲ.ኤች የተባለ ሌላ ኢንዛይም ፓይሩቬቱን ወደ ላክቴት ሲለውጥ፣ እዚያው ያለው ኤን.ኤ.ዲ.ኤች የተባለ ውህድ እያለቀ ይሄዳል፤ በ340 ናኖሜትር የሚነበበው አብዞርባንስም (ፈሳሹ የሚውጠው የብርሃን መጠን) ይወርዳል። የምንለካው የመውረዱን ፍጥነት ነው። በእጅ ሲሠራ 1000 ማይክሮሊትር ሪኤጀንት 37 ዲግሪ ላይ ይሞቃል፤ 100 ማይክሮሊትር ሴረም (የረጋ ደም ፈሳሽ ክፍል) ተጨምሮ ይደባለቃል። ከ1 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ንባብ ይያዛል፤ ከዚያ በየደቂቃው 3 ጊዜ ይነበባል። የልዩነቶቹ አማካይ በ1746 ይባዛል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ለዚህ መጠንና ለ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ዕቃ) ብቻ ነው፤ በቃል ይዞ ሌላ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የምርመራ ሪኤጀንት) ላይ ማባዛት ስህተት ነው።

ኢንዛይሙ እጅግ ብዙ ከሆነ ኤን.ኤ.ዲ.ኤቹ ገና ሳይነበብ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚወርድ ነገር ስለማይኖር ማሽኑ ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ያወጣል። ምልክቱ የመጀመሪያው አብዞርባንስ ከሌሎቹ ናሙናዎች በጣም ማነሱ ነው። ሴረሙን 1 ለ 9 በሳላይን (የጨው ውሃ) አቅጥኖ ደግሞ መሥራትና ውጤቱን በ10 ማባዛት ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር ቫይታሚን ቢ6 ነው። ኢንዛይሙ ያለ ፒሪዶክሳል ፎስፌት (ሥራ ላይ የሚውለው የቢ6 ዓይነት) አይሠራም፤ ብዙ ኪቶች ደግሞ እሱን አይጨምሩም። ቢ6 ያነሰበት ሰው ደም ውስጥ ኢንዛይሙ እያለ ሳይቆጠር ይቀራል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚን አስቡ፦ የሚወስደው መድኃኒት አይሶኒያዚድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፣ ቢ6ንም ያሳንሳል። መድኃኒቱ የሚቋረጠው ምልክት ላለው ሰው ኤ.ኤል.ቲ ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ፣ ምልክት ለሌለው 5 እጥፍ ሲያልፍ ነው። ይህን ውሳኔ የሚሸከም ቁጥር ሲጻፍ ኪቱ ፒሪዶክሳል ፎስፌት እንዳለው ከመመሪያው ማረጋገጥ ግዴታ ነው። የአንድን ታካሚ ክትትል በሁለት ዓይነት ኪት መሥራትም አይገባም።

ናሙናው ካደረ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። ከዜሮ በታች 20 ላይ ማቀዝቀዝ ግን ኢንዛይሙን ያዳክመዋል፤ ያም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል።