ከማዘርቦርዱ ጋር የሚሞት መሰኪያ

ለተማሪዎች የሚሆን ርካሽ ኮምፒውተር የሚነድፍ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው የሳንቲም ጭቅጭቅን ነው። አንዲት ብሎን ስትጨምር ግዢ ክፍሉ ያፈጥብሃል። ብሎኗ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ በመቶ ሺህ ስትባዛ ግን ሌላ ወሬ ናት። የኔ ሥራ ፍተሻ ነበር። ከጠረጴዛ ላይ እጥላለሁ፣ ውሃ አፈስበታለሁ፣ አቧራ አለብሰዋለሁ፣ ኪቦርዱን በማሽን አስደበድባለሁ። ደመወዝ እየተከፈለኝ እሰብራለሁ ማለት ነው።

ጭቅጭቁ ከኛ በፊትም ነበር። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 «የመቶ ዶላር ላፕቶፕ» ይዞ ሲነሳ ዓለም ሁሉ ቁጥሯን ያዘ። ምርቱ በ2007 ሲጀመር ዋጋው 188 ዶላር ገደማ ደረሰ። ቱኒዝ ላይ ለዓለም ሲታይ ጎኑ ላይ የነበረው በእጅ የሚዞር ኃይል ማመንጫም በኋላ ቀረ። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኛ ሙያው ውስጥ ያለነው ግን ያን አረንጓዴ ማሽን በሌላ ነገር ነው የምናነሳው። ማራገቢያ የለውም፣ የሚሽከረከር ዲስክ የለውም፤ ስለዚህ ተንቀሳቅሶ የሚበላሽ ነገር ብዙ የለውም። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ከ11 እስከ 18 ቮልት ያለ ምንጭ ካገኘ ይሞላል፤ የመኪና ባትሪም ቢሆን። መያዣው ውስጥ ደግሞ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውለታል። ስለ ዋጋው ያወራ ሞልቷል፤ እነዚያን ብሎኖች ልብ ያለ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ገጠመኙ ልምጣ። የዕለቱ ስብሰባ አጀንዳ የቻርጀር መሰኪያውን በሌላ፣ በርካሽ መተካት ነበር። መሰኪያው በቀጥታ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ ላይ የሚበየድ ነው። ሁላችንም ቶሎ ጨርሰን የምንወጣ መስሎናል። መሃል ላይ የጥገና ቴክኒሻኗ በሩን ገፍታ ገባች። ካርቶን ታቅፋለች። «ይቅርታ፣ አልተጠራሁም። ግን እንዳትወስኑ፣ መጀመሪያ ይቺን እዩልኝ» አለች።

ከካርቶኑ ያወጣችው ከሙከራ ትምህርት ቤቶች ከተመለሱት ማሽኖች አንዱን ነው። ውጭው ደህና ነው። ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። መሰኪያው ጋ ግን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ አራት እጥፍ ተደርጎ፣ ከቻርጀሩ ጫፍ ሥር ተወትፏል። ገመዱ ደግሞ በጥቁር ክር ወደ ላይ ተስቦ ከማጠፊያው ጋር ታስሯል። የሆነ ልጅ ማሽኑ በየትኛው አቅጣጫ ሲያዝ እንደሚሞላ በትዕግሥት ፈልጎ አግኝቷል። ቴክኒሻኗ ክሩን ፈታችው። መብራቱ ጠፋ። በጣቷ ጫን አደረገችው፤ በራ። ለቀቀችው፤ ጠፋ።

ሳቅን። ምን እናድርግ፣ የልጁ ብልሃት ደስ ይላል። እሷ ግን አልሳቀችም። ካቻቪቴዋን አወጣችና ከፈተችው። ብየዳው ለቆ ቢሆን ኖሮ መልሶ መበየድ ነው። የለቀቀው ግን ከብየዳው ሥር ያለው የመዳብ ንጣፍ ነው፤ ከቦርዱ ተልጦ ተነስቷል። ምን ላይ ትበይደዋለህ? ቀሪው መፍትሔ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው። እኛ ዋጋ ለመቀነስ ብለን ፕሮሰሰሩንም፣ ሚሞሪውንም፣ ማከማቻውንም እዚያው ቦርድ ላይ በይደነዋል። የአንዲት መሰኪያ ጣጣ አብዛኛውን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ የቀሩትም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው አለች።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ፣ ጥቂት ሶኬት። ገመዶቹ በወንበሮች መሃል ያልፋሉ። እግር ይጠልፋቸዋል። የተሰካው ጫፍ ያኔ እንደ መፈንቀያ ሆኖ መሰኪያውን ከሥሩ ይነቅለዋል። የምንሠራበት የፍተሻ ዝርዝር ከቢሮ ላፕቶፕ የተወረሰ ስለሆነ ገመድን ወደ ጎን መጎተት የሚል ነገር ውስጡ የለም። ቢሮ ውስጥ በገመድ ላይ ማን ይሯሯጣል?

መፍትሔውን ይዛ ነው የመጣችው። መሰኪያው ለብቻው ትንሽ ቦርድ ላይ ይሁን፤ ቦርዷ በሁለት ብሎን አካሉ ላይ ትታሰር፤ ከማዘርቦርዱ ጋር በአጭር ገመድ ትገናኝ። የግዢ ኃላፊው ወዲያው ማስላት ጀመረ። «ትንሽ ቦርድ፣ ገመድ፣ ሁለት ብሎን፣ የመገጣጠሚያ ጊዜ። ከየት ላምጣው?»

«አንተ ጋ ሳንቲም ነው» አለችው። «እኔ ጋ ሲደርስ ማዘርቦርድ ነው።»

ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን ነው። ጨረታ ላይ የሚታየው የመረከቢያ ዋጋ ነው። የጥገናው ወጪ በማንም ሰንጠረዥ ላይ የለም፤ ተበታትኖ በየትምህርት ቤቱ ነው የሚያርፈው። ገንዘብ የሌለው ርዕሰ መምህር የተበላሸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ማሽን ዛሬም «ተሠራጭቷል» ነው። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2007 ፕላን ሴይባል የሚባለውን ፕሮግራም ጀምራ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆች ላፕቶፕ ስታድል፣ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚዞር የጥገና አገልግሎት ማቋቋም ግድ ሆኖባታል። በርግጥ የሚሠራ ማሽን ብቻውን አያስተምርም። በፔሩ ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣ ጥናት የኔግሮፖንቴ ላፕቶፕ የሒሳብና የቋንቋ ውጤትን ከፍ ስለማድረጉ ማስረጃ አላገኘም። ይህ የኛ የመሐንዲሶቹ ድርሻ አይደለም፣ ብዬ ልለፈው።

ያን ሳምንት አዲስ ፍተሻ ሠራሁ። የተሰካው ቻርጀር ላይ ክብደት አንጠልጥዬ በአራቱም አቅጣጫ ደጋግሞ እንዲጎትት አደረግኩ። የድሮው ንድፍ ብዙ ሳይቆይ ተነቀለ። የአዲሱም መሰኪያ የኋላ ኋላ ላላ። እዚህ ላይ አለቃችን «ታዲያ ምን ለወጠ?» ብሎ ሊነሳ ሲል ቴክኒሻኗ ሁለቱን ብሎኖች ፈታች፣ ገመዱን ነቀለች፣ ሌላ ትንሽ ቦርድ ሰካችና ማሽኑን አበራችው። ተቀመጠ።

ያልጠበቅነው ጥቅምም መጣ። መሰኪያውን ዩኤስቢ ሲ ለማድረግ ስንፈራ ነበር። ቻርጀር ለማግኘት ይመቻል፤ ግን 24 መገናኛ ጥርሶች ስላሉት በእጅ መበየዱ ጭንቅ ነው። ቦርዱ በሙሉ የሚቀየር ከሆነ ግን ማን ይበይዳል? ፍርሃቱ በዚያው ቀረ። ሳንቲሙ ደግሞ ባለ ቀለም ከነበረው ማሸጊያና ክዳኑ ላይ ከሚታተመው ዓርማ ተገኘ። የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው ለረጅም ጊዜ አኮረፈን።

ቴክኒሻኗ ከዚያ በኋላ ሳትጠራ መምጣት አላስፈለጋትም፤ ስሟ ከስብሰባው ጥሪ ላይ ገባ። ሁሉንም ግን አላሸነፈችም። ስክሪኑ ከመስታወቱ ጋር በሙጫ መጣበቁን አጥብቃ ተቃውማ ነበር፤ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ስክሪኑም አብሮ ይቀየራል ብላ። የኔ የመጣል ፍተሻ ደግሞ የተጣበቀው ሲወድቅ የተሻለ እንደሚችል አሳየ። በኔ ቁጥር ተረታች። እኔ አሁንም ቁጥሩን እመርጣለሁ፤ እሷም አሁንም አላመነችበትም። የተሰነጠቁትን ለብቻ ካርቶን ውስጥ እያጠራቀመች ነው፤ ለቀጣዩ ስብሰባ።