ከ195/65 አር 15 ወደ ሌላ የጎማ መጠን፦ ኮሮላዬ ላይ እንዴት አስልቼ እንደቀየርኩ

የኮሮላዬ አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ መቀየር ግድ ሲሆን፣ ፋብሪካው ያዘዘውን 195/65 አር 15 በምፈልገው ጥራት መርካቶ ውስጥ ላገኝ አልቻልኩም። በምትኩ 195/60 አር 15፣ 205/65 አር 15 እና 205/55 አር 16 ቀረቡልኝ። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሻጩም ጎሚስታውም የሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) 15 እስከሆነ ድረስ ይገባል» አሉኝ። ያሉት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱ አንድ ጉዳይ ሲሆን ለመኪናው መስማማቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ይህን ሁለተኛውን ያጣራሁበትን መንገድ ከነስሌቱ ላስቀምጥ።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፉት ሦስት ቁጥሮች የሚለኩት በሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ነው። 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። «አር» ራዲያል የተባለውን የጎማ አሠራር እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚያስቡት የክብ ሬዲየስን አያመለክትም። በብዛት የሚያሳስተው መካከለኛው ቁጥር ነው። 65 ሚሊ ሜትርም ኢንችም ሳይሆን መቶኛ ነው፤ የጎማው ጎን ቁመት የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ወርዱ በሰፋ ቁጥር፣ መካከለኛው ቁጥር ሳይለወጥ እንኳ፣ ቁመቱ አብሮ ያድጋል።

ስሌቱን ከነበረኝ ጎማ ጀመርኩ። የ195 ስልሳ አምስት በመቶ 126.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎኑ ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 253.5 ይሆናል። 15 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 381 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር 634.5 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀት ላይ የወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ጎማ ጋር መቀራረቡን ለማየት፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ጎማውንና መሬቱን በጠመኔ ምልክት አድርጌ መኪናዋ ቀስ ብላ እንድትገፋ አደረግኩ፤ ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ ወደ መሬት እስኪመለስ የሄደችውንም ርቀት ለካሁ። በስሌቱ መሠረት ወደ 1 ሜትር ከ99 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው የተገኘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር፤ ጎማው በመኪናዋ ክብደት ከታች በኩል ስለሚጨፈለቅ፣ ጥርሱም ስላለቀ ይህ የሚጠበቅ ነው። ክብደቱ የሚያስከትለው ቅናሽ በሁሉም መጠኖች ላይ ተቀራራቢ በመሆኑ ንጽጽሩን አያፋልስም።

በዚሁ ስሌት 195/60 አር 15 ዲያሜትሩ 615 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከነባሩ በ3 በመቶ ያንሳል፣ መኪናዋንም ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ያደርጋታል። ቀድሞውንም ከፍታ ለሚጎድላት መኪና ይህ ቀላል ኪሳራ ስላልሆነ ወዲያው ተውኩት። 205/65 አር 15 ደግሞ 647.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2 በመቶ ይበልጣል። ያስገረመኝ ሦስተኛው ነው። ሁሉም ቁጥሮቹ የተለወጡት፣ በዓይን ሲታይም እጅግ የራቀ የሚመስለው 205/55 አር 16 ዲያሜትሩ 631.9 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ቶዮታም ሁለቱንም መጠኖች ለኮሮላ ያቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ በዲያሜትር የቀረበውን ለምን አልመረጥኩም? የዚህ ጎማ ጎን ቁመት 112.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነባሩ በ14 ሚሊ ሜትር ያጠረ ማለት ነው። ያ የጎደለው ጎማ ጉድጓድ ሲገጥም ቸርኬውን ከመምታት የሚከላከለው ክፍል ነው፤ እኔ በየቀኑ የምነዳው ደግሞ ጠርዙ በተሰበረ አስፋልትና በተነቃቀለ ኮብልስቶን ላይ ነው። በተጨማሪም አዲስ ቸርኬ መግዛት ይጠይቃል፤ ቸርኬ ሲገዛ ዲያሜትሩ ብቻ አይበቃም። ኮሮላ ሆኖ እንኳ እንደተሠራለት ገበያ አምስቱ ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ 100 ወይም 114.3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ 205/65 አር 15 አዘነበልኩ፤ ግን አራቱንም ከመግዛቴ በፊት አንዱን ብቻ አስገጥሜ አየሁ። ጎማው ወደ ላይ 6.5፣ ወደ እያንዳንዱ ጎን ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሬ ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) እና ከአሞርቲዘሩ (ከንዝረት ማብረጃው) ጋር ያለውን ክፍተት በጣቴ ፈተሽኩ፤ መኪናዋ ሰው ሞልታ ስትረግጥም እንዳይነካ አረጋገጥኩ። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈውንም አነበብኩ። የነባሩ 91 እያንዳንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ የአዲሱ 94 ደግሞ 670 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያሳያል፤ ይህ ቁጥር ፋብሪካው ካዘዘው በታች ፈጽሞ መውረድ የለበትም። በመጨረሻ «ዶት» ከሚለው ምልክት በኋላ የሚገኙትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አየሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ 2315 የሚል ጎማ የተሠራው በእኛ በ2015 ሳይሆን በ2007 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከቀረቡልኝ አንዱ ከሌሎቹ በዓመታት የቆየ ስለነበር እንዲቀየርልኝ ጠየቅኩ፤ ሻጩም ቀየረልኝ።

ከለውጡ በኋላ ፍጥነት መለኪያው ከቀድሞው ንባብ አንጻር በ2 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንደዚሁ ስለሚያሳንስ፣ የነዳጅ ፍጆታን የሚያሰላ ሰው ይህን ካላሰበ መኪናው ነዳጅ መብላት የጀመረ ይመስለዋል። ስኮርታው (መጠባበቂያ ጎማው) ግን የቀድሞው መጠን ስለሆነ፣ ከአዲሶቹ ጋር ሲገጠም ለአጭር ርቀት ብቻ እንጂ ረጅም መንገድ አልሄድበትም።

ስሌቱን ያዩ አንድ ጎረቤቴ የላንድ ክሩዘራቸውን 31/10.50 አር 15 ወደ ሚሊ ሜትር እንድለውጥላቸው ጠየቁኝ። እዚህ የሚጀመረው ከተቃራኒው ነው፤ 31 ራሱ ጠቅላላው ዲያሜትር በኢንች ስለሆነ 787.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ 10.50 ወርዱ ደግሞ 266.7። ቸርኬው ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ሲካፈል የጎኑ ቁመት 203.2 ሚሊ ሜትር ወይም የወርዱ 76 በመቶ ይመጣል፤ ስለዚህ 265/75 አር 15 በ1 በመቶ ያህል ብቻ ያነሰ ተቀራራቢ መጠን ነው። በሌላኛው መኪናቸው ላይ ያለው 7.50 አር 16 ግን መቶኛው ስላልተጻፈበት በስሌት ብቻ አይደረስበትም፤ ዲያሜትሩን ከጎማው አምራች ሠንጠረዥ ላይ እንዲያዩ፣ ካልሆነም ራሱን ጎማውን በሜትር እንዲለኩ ነገርኳቸው።