የፑልሳሬን ፑንቴሪያ ራሴ ያስተካከልኩ ጊዜ

ክረምት እንደገባ ሞተር ሳይክሌ ፑልሳር 180 ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለችኝ። ቾክ ስቤ ስታርተር አራት አምስቴ ካልመታሁ ወይ ፍንክች፣ ከተነሳችም በኋላ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት በዝግታ መዞር) አትይዝም። ወንድሜን ጭኜ ጅማ ውስጥ ወደ ጅሬን ስወጣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገት ላይ በፊት በሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ እያቃሰተች ነው። ካርብሬተር ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አሳጠብኩ፣ ሁለቱንም ካንዴላ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።

በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ከሁለት ወር በፊት ጠቅ ጠቅ ትላለች ብዬ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር፣ ሞተሩ እንደጋለ በጆሮ ብቻ ፑንቴሪያውን (በቫልቩና በሚገፋው ሮከር መካከል ያለችውን ክፍተት) አጠበቁልኝ። ድምፁ ጠፋ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ይህን ስነግራቸው "አንተ ልጅ፣ ጠብቆብሃል እኮ፣ ቫልቩ ሳይቃጠል ክፈተው" አሉኝ፣ ፊለር ጌጃቸውንም (ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት የክፍተት መለኪያ) አዋሱኝ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ እሁድ ጠዋት ጀመርኩ። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) አወረድኩ፣ ካንዴላ ፈታሁ (ሞተሩን በእጅ ሳዞር እንዳይከብድ)፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የቴስታታውን ክዳን አነሳሁ። በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ክዳኖች ከፍቼ ትልቁ ውስጥ ያለውን ዳዶ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እያዞርኩ በትንሿ ቀዳዳ ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን የምታሳየውን የቲ ምልክት አገኘሁ። ሮከሮቹን ብነካ ሁለቱም ንቅንቅ የለም! ልፈታቸው ቁልፍ ካስገባሁ በኋላ ነው የገባኝ፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ነው ግን ኮምፕሬሽን (ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው የሚታመቅበት) ላይ አይደለም፣ ቲ በአንድ ዑደት ሁለቴ ነው የሚመጣው። አንድ ሙሉ ዙር ጨመርኩ፣ የነዳጅና አየር መግቢያው ሮከር ላላ፣ የጭስ ማውጫው ግን አሁንም ድርቅ ብሏል።

ለዚች ሞተር መግቢያው 0.05፣ ጭስ ማውጫው 0.10 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት፣ ጭስ ማውጫው የበለጠ ስለሚግል ሲረዝም ቦታ ይፈልጋል። መግቢያው ላይ የ0.05ቷ ቅጠል ልክ ገባች። ጭስ ማውጫው ላይ ግን እሷም አትገባም፣ 0.10ማ የማይታሰብ ነው። ቫልቩ ወንበሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም ማለት ነው፣ ኮምፕሬሽን ይሸሻል፣ ሙቀቱንም ለቴስታታው የሚያስተላልፈው ሲቀመጥ ስለሆነ እዚያው ይቃጠላል። እኔ ዝምታዋን ጤና አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ የሮከሩ ዳዶ ነው። ላላ አድርጌ 0.10ን አስገብቼ አስተካክላለሁ፣ ዳዶውን ሳጠብቅ የማስተካከያዋ ብሎን አብራ ትዞርና ቅጠሏ ተነክሳ ትቀራለች። ሦስት ጊዜ እንደዛ ሆነ። በአራተኛው የብሎኗን ጫፍ በፒንሳ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ዳዶውን ብቻ አጠበቅኩ፣ ከዛ ቅጠሏን መልሼ ሳብኳት፣ ወፍራም መጽሐፍ ስር ያለ ወረቀት ሲጎትቱት እንደሚይዘው ያዝ እያደረገች ወጣች። ያንን ስሜት እጄ ለመደው። ካጠበቃችሁ በኋላ ሳትለኩ እንዳትዘጉ፣ በጣም ነው የምላችሁ። እኔ ሞተሩን ሁለት ዙር አዙሬም ደግሜ ለካሁ።

ሰኞ ጠዋት እየዘነበ በአንድ ስታርተር ተነሳች፣ ጅሬንንም ወንድሜን ጭኜ በሦስተኛ ወጣሁ። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ ወንድሜ "አሁንም ትጮሃለች፣ ጋራዥ እንውሰዳት?" አለኝ። እንዳይነካት ነገርኩት፣ የተስተካከለችበትን ኪሎሜትርም ሰልባትዮው ስር በፕላስተር ጽፌ ለጥፌያለሁ።