ማንቲስ ፍለጋ

ማንቲስ ለማግኘት መሯሯጥ አያዋጣም፤ ቆም ማለት ነው። ያቺን የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ የምትቆመዋን ነፍሳት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ሣሩን ያያል፣ እኔ ግን መጀመሪያ አበባ አበባውን ነው የማየው፣ ምክንያቱም ንብና ቢራቢሮ የሚመላለሱበት ቦታ ላይ አድፍጣ የምትጠብቅ አንዷ አትጠፋም።

ቀለም አትፈልጉ። አረንጓዴ አለ፣ ቡናማ አለ፣ ቁርጥ ደረቅ እንጨት የሚመስልም አለ። ቅርጽ ነው የሚሻለው፦ ባለ ሦስት ማዕዘን ጭንቅላት፣ ረዘም ያለ ደረት፣ እሾሃም የፊት እግር። ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ «ቅጠል» ካያችሁ ጠጋ በሉ። ጭንቅላቷን ዞር አድርጋ ታያችኋለች! ዓይኗ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብም በሄዳችሁበት የምትከተላችሁ ትመስላለች፣ ግን ብሌን አይደለችም፤ ከዓይኗ አሠራር የሚመጣ የብርሃን ጨዋታ ነው። ሲመሽ ደግሞ ዓይኗ እንዳለ ይጠቁራል።

የብዙ ዝርያ ወንዶች ቀለል ያሉ በራሪዎች ስለሆኑ ማታ ወደ መብራት ይመጣሉ። ሴቶቹ እንቁላል ሲይዙ ሆዳቸው ስለሚከብድ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የሚገኙት።

ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ አረፋ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ የእንቁላላቸው ከረጢት ነው። በናታችሁ ቤት አታስገቡት፤ ሙቀት ካገኘ ይፈለፈልና መጋረጃው በትንንሽ ማንቲሶች ይሞላል።

መያዝ ካማራችሁ ወገቧን አትጭመቁ። እጃችሁን ከፊቷ አድርጉና ራሷ ትውጣ። መርዝ የላትም፣ እሾኋ ግን ይቆነጥጣል።