አራት ፖስታና አንድ ሳፋ ውኃ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት ደንበኛ የብስኩት ቆርቆሮ አቅፈው መጡ። ውስጡ የአባታቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አባታቸው በ1950ዎቹ ቆዳና ሰም ይነግዱ ነበር። ቤተሰቡ ለመታሰቢያ ትንሽ መጽሐፍ ማሳተም ፈልጓል። «አደራ ልጄ» ብለው ሰጡኝ።

ከውጭ አገር በመጡት ፖስታዎች ጀርባ ላይ ያሸበረቁ ትንንሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ዳራቸው እንደ ቴምብር ጥርስ ጥርስ ነው። አንዱ ላይ የስፌት መኪና አለ። ሌላው ላይ በቀይ መደብ ሁለት «ኤም» ፊደላት ተነባብረዋል። ዋጋ ግን አልተጻፈባቸውም። በጣም አማሩኝ፤ ለብቻቸው አንድ ገጽ ላይ ላሰባስባቸው አሰብኩ። ማንንም ሳልጠይቅ አራቱን ፖስታዎች ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው።

ሙጫው ቶሎ ለቀቀ። ቀዩ ቀለምም አብሮ ለቀቀ። ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ከርከዴ ሻይ ሲቀላ ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

አለቃዬ አልተቆጣኝም። ከፖስታ ቤት ሥራ በጡረታ ወደወጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቴምብር ወደሰበሰቡ ሰው ቤት ላከኝ። ጋሼ ወረቀቶቹን በወረንጦ አንስተው ገለበጧቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ፖስታዎቹስ?» ብለው ነው። ገመድ ላይ ሰቅያቸዋለሁ አልኳቸው። «እሰይ! እንኳን አልጣልሻቸው» አሉ።

ከዚያ ቡና እየተፈላ አስረዱኝ። እነዚህ ቴምብር አይደሉም፤ የማስታወቂያ ወረቀቶች ናቸው። ፖስታ ቤት አያውቃቸውም፤ ደብዳቤም አያሻግሩም። ነጋዴ ወይም የንግድ ትርኢት አዘጋጅ ያሳትማቸዋል፣ ላኪው ለጌጥና ለማስተዋወቅ ይለጥፋቸዋል። በጣም የገነኑት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1914ቱ የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ውስጥ ነው። እንደ ሉድቪግ ሆልቫይን ያሉ ስመ ጥር የፖስተር ሠዓሊዎች ሠርተዋቸዋል። ሕፃናት ሳይቀሩ ከሱቅ እየለቀሙ በአልበም ይሰበስቧቸው ነበር። ለበጎ ሥራ የወጡም አሉ፤ ዴንማርካዊው የፖስታ ሠራተኛ አይናር ሆልቦል በፈረንጆቹ 1904 ያስጀመረው የገና ወረቀት ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕፃናት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። ይህን ሲያወሩ የጋሼ ፊት ይበራ ነበር። የሙያ ባልደረባቸው ነዋ።

«የምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች ብታመጪልኝ» አሉ ቀጥለው፣ «ከፖስታ ቢላቀቁም አውቃቸዋለሁ። ሰባት ዓይነት ናቸው፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የወጡ፣ በየመዝገቡ የሰፈሩ። ይሄን ግን በምን ልወቀው?» ሁለቱን «ኤም» በጣታቸው አሳዩኝ። የጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ የናሙና ንግድ ትርኢት ምልክት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1917 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ዓመት ካልተጻፈበት፣ ምልክቱ ብቻውን ዘመኑን አይነግርም። ማን ላከው፣ መቼ ደረሰ የሚለውን የሚመሰክረው ፖስታው ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ከምስክሩ ለያይቻለሁ።

ደንበኛውን ጠርቼ ያደረግኩትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ለመናገር ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና «አባቴ ማታ ማታ ያሳየን ነበር፤ ይሄ ከእገሌ የመጣ ነው እያለ» አሉ። ከስድብ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

የቀሩትን ፖስታዎች እንዳሉ፣ ፊትና ጀርባቸውን ስካን አደረግኩ። የነከርኳቸውን አራቱን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ማምሻዬን በማጉያ መነጽር አፈጠጥኩባቸው። አንደኛው ፖስታ ጀርባ ላይ አዲስ አበባ ሲደርስ የተመታ ክብ ማኅተም አለ፤ ግማሹ ብቻ። ግማሹ የለም። የደበዘዘውን ባለ ሁለት «ኤም» ወረቀት ቀስ አድርጌ አስጠጋሁት። ጥጉ ላይ ቀጭን ጥቁር ቅስት ነበረች። ገጠመች። ክቡ ሞላ፣ ቀኑም ተነበበ።

መጽሐፉ ላይ እሱን እንደተጋጠመ አስገባነው። የሦስቱ ፖስታዎች ጀርባ ላይ ግን ማኅተም አልነበረም። ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ ለብቻቸው በላስቲክ ተቀምጠዋል።