ጉድጓዱንና ታንከሩን በሬዲዮ ሞደም ያገናኘሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ ውሃውን የሚያገኘው ሜዳው ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ታንከሩ ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። በመሐል የሰው ማሳ፣ ወንዝና ድንጋያማ ዳገት ስላለ ገመድ መቅበር አይታሰብም። ታንከሩ ጋ ያለው ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) የውሃውን ከፍታ ይለካል፣ ጉድጓዱ ጋ ያለው ፓምፑን ያስነሳል፣ ያቆማል። ሁለቱን በሬዲዮ ሞደም (መረጃን በገመድ ፈንታ በሬዲዮ ሞገድ በሚያሻግር ዕቃ) በሞድበስ አርቲዩ፣ ማለትም አንዱ እየጠየቀ ሌላው በሚመልስበት የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ፣ ማነጋገር የእኔ ሥራ ሆነ።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ሞደሞች ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። እኛ ጋ ግን እዚያ አካባቢ ያለው የሞባይል ነው፤ የ900 ጂኤስኤም ስልክ ወደ ማማው የሚልከው ከ890 እስከ 915 ባለው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞደም መትከል የጎረቤትን ስልክ መረበሽ ስለሆነ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ መረጥኩ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃድ መጠየቅ የሚገባው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው።

ከጉብታው ላይ ጉድጓዱ በዓይን ይታያል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የሬዲዮው ሞገድ እንደ ተወጠረ ክር አይሄድም፣ መሐል ላይ ይሰፋል። በዚህ ፍሪኩዌንሲና ርቀት ስፋቱ ከቀጥታው መስመር በየአቅጣጫው 26 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማው፣ ነፃ መሆን አለበት። መሐል ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ያድጋል፤ ምሰሶውን ስሠራ ወደፊት የሚደርስበትን ቁመት አስቤ ነው። በ433 ሜጋኸርዝ ዝናቡ ራሱ አያሰጋም፣ የረጠበ ቅጠል ግን ሞገዱን ይውጠዋል። በበጋ የለካሁት ምልክት ሞደሙ ከሚፈልገው ቢያንስ በ20 ዴሲቤል እንዲበልጥ ያደረግኩት ክረምቱን አስቤ ነው።

ከአንቴናው ይልቅ ብዙ ያለፋኝ ጊዜው ነው። በሞድበስ አርቲዩ የመልእክት ማብቂያው ዝምታ ነው፤ መስመሩ 3.5 ካራክተር (ፊደል) ለመላክ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ጸጥ ካለ ተቀባዩ «አለቀ» ብሎ ይወስዳል። በሰከንድ 9600 ቢት በሚልክ መስመር ይህ 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሬዲዮው መልእክቱን በፓኬት ቆራርጦ ሲልክ ከዚያ የበለጠ ክፍተት ከተፈጠረ፣ ተቀባዩ ግማሹን እንደ ሙሉ ይቆጥራል፣ ሲአርሲው (መልእክቱ ሳይበላሽ መድረሱ የሚታወቅበት ቁጥር) አይገጥምም፣ ይጥለዋል። ሁለቱን ሞደሞች ጠረጴዛ ላይ ኃይላቸውን ዝቅ አድርጌ ስሞክር አጭሩ ጥያቄ እያለፈ ረዥሙ መልስ ይጠፋ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሞደሙ መልእክቱ እስኪሞላ ይዞ በአንድነት የሚያወጣበት ቅንብር ስላለው እሱን ከፈትኩ። የመልስ መጠበቂያውንም 1.5 ሰከንድ አደረግኩ፤ ለገመድ የሚሰጠው አጭር ጊዜ ሬዲዮው ከመላክ ወደ መቀበል ለሚዞርበት ቦታ አይተውም።

የፓምፑ ኦፕሬተር ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ያሳለፉ ጋሼ ናቸው። ሥራውን ሳሳያቸው፣ «ልጄ፣ የላይኛው መብራት ቢጠፋበትስ፣ የታችኛው በምን ያውቃል?» አሉኝ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ በታችኛው ፒኤልሲ ውስጥ የሚቀረው የመጨረሻው የተነበበ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር «ታንከሩ ገና አልሞላም» የሚል ከሆነ ፓምፑ ሲገፋ ያድራል፤ ታንከሩ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ከጉብታው ሥር ያለው የገበሬ ማሳ በውሃ ይታጠባል። ስለዚህ የላይኛው ፒኤልሲ በየሰከንዱ አንድ የሚጨምር ቁጥር ይይዛል፣ የታችኛው ከከፍታው ጋር አብሮ ያነበዋል። ቁጥሩ ለ60 ሰከንድ ካልተለወጠ ፓምፑ ይቆማል፣ ቀይ መብራት ይበራል። ጋሼ የላይኛውን ፊውዝ አስነቅለው ፓምፑ ሲቆም በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ሥራውን የተረከቡት።

የአንቴናው ገመድ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ አለው፤ መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ አንድ የመሬት ዘንግ አልበቃም፣ ብዙ ቀብረን አያያዝናቸው።

አሁን ሁለተኛ ታንከር ሊጨመር ነው። ያልመለሰ ጣቢያ በአንድ ሙከራ 1.5 ሰከንድ ይበላል፣ ሦስት ጊዜ ከተሞከረ 4.5 ሰከንድ። የሚሠራው ጣቢያ ያልሠራውን እንዳይጠብቅ፣ መልስ ያጣው በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲጠየቅ ፕሮግራሙን እየቀየርኩ ነው።